በኪሎ የሸጥኩት ባሕር

አጎቴ የተዉልኝን መጻሕፍትና ደብተሮች ለቆራሌው በኪሎ ሸጫቸዋለሁ። ይህን ለነፍስ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ለሰው ግን አልተናገርኩም፤ አንድ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ። «ለእግዚአብሔር ነግሬያለሁና በቃኝ አትበል፤ የተበደለ ሰው አለ» አሉኝ የነፍስ አባቴ። እንግዲህ እየተናገርኩ ነው።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እኛ ቤት «ጋሼ»፣ ኮተቤ በሚኖሩበት ሰፈር ደግሞ «ባሕር ኃይሉ» ይባሉ ነበር። ስሙ ግማሽ አክብሮት ግማሽ ፌዝ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በባሕር ዛፍ ጭስ መካከል የሚኖር ባሕረኛ ለጎረቤት ጨዋታ ይመቻል። በባሕር ኃይል ኮሌጅ ከኖርዌይ መኮንኖች ሥር ተምረው፣ ኋላም «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ በናቪጌተርነት ሠርተዋል። መርከቧ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኦርካ» ብለው የሠሯት የባሕር አውሮፕላኖች አገልጋይ ነበረች፤ በ1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጥታ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የካዴቶች መለማመጃ ሆነች። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከእጅ ወጣች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መርከቧ ከሌሎቹ ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ወሬውን ሰው ያመጣላቸው ዕለት ጋሼ «በኪሎ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ያን ጊዜ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር።

ከባሕሩ የቀራቸው መጽሐፍ ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ሜዳልያውን እንደሚያወጣ፣ እርሳቸው እንግዳ ሲመጣ መጽሐፍ ያወጣሉ። የሩፐርት ጉልድ «ዘ ማሪን ክሮኖሜትር» ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የታተመው፣ ስለ ባሕር ሰዓት ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው መጽሐፍ ነው። ከእርሱ የሚያረጅም ነበር፦ ሻድዌል የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ክሮኖሜትር አያያዝ የጻፈው፣ ጀርባው የተላላጠ መጽሐፍ። ከዚያ የናውቲካል አልማናክ ቅጾች፣ የኖሪ ሰንጠረዦች፣ የባውዲች መማሪያ። መርከባቸው በደረሰችበት ወደብ ሁሉ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ለቅመው ያመጧቸው ናቸው። ሌላው መኮንን ከወደብ ሽቶና ሬዲዮ ሲገዛ እርሳቸው ይህን ይገዙ እንደነበር እናቴ በምሬት ትናገራለች፤ ሽቶው የቀረባት እርሷ ናትና።

አንባቢዬ ሰዓትን ከባሕር ጋር ምን አገናኘው ሊል ይችላል። እኔም ብያለሁ። መልሱን ጋሼ በልጅነቴ ግቢያቸው ውስጥ በእንጨት አሳይተውኛል። ጊዜው ታኅሣሥ አጋማሽ ነበር። ቀጥ ያለ ዘንግ ተከሉ፤ በዙሪያው ክብ አሰመሩኝ። ጠዋት የዘንጉ ጥላ ጫፍ ክቡን የነካበትን ሰዓት ጻፍን፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ተመልሶ ክቡን እስኪነካ ጠበቅን።

«ቀትር ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«ስድስት ሰዓት!»

«ማነው ያለህ? አስላው።»

የሁለቱን መካከል ስናወጣው ስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ሆነ። የሬዲዮው ሰዓት የተበላሸ መሰለኝ። ያልተበላሸ መሆኑን ለማሳየት የእጅ ሰዓታቸውን ከቢቢሲ ስድስት ድምፆች ጋር አስተያዩልኝ፤ በግሪንዊች እኩለ ቀን ሲሆን በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ለ1 ዲግሪ 4 ደቂቃ ማለት ነው። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ኦጋዴን ውስጥ ዋርዴር አጠገብ በሚያልፈው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ያለችው 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ነው። ስድስት ዲግሪ ከሩብ ወደ ምዕራብ ስለሆንን ፀሐይ 25 ደቂቃ ዘግይታ አናታችን ላይ ትደርሳለች። እንደ ወሩም ትለዋወጣለች፤ በጥቅምት መጨረሻ ስድስት ከ9 ገደማ፣ በየካቲት መባቻ ስድስት ከ39 ገደማ። ጋሼ በልጅነታቸው የካ ሚካኤል አጠገብ ከመሪጌታ ዘንድ ባሕረ ሐሳብ ቀምሰው ስለነበር «በሊቃውንቱ አነጋገር ፀሐይ አንድ ኬክሮስ ትዘገይብናለች» ይሉ ነበር። የጂኦግራፊውን ሳይሆን የባሕረ ሐሳቡን ኬክሮስ ማለታቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላሉ፣ አንዱም 24 ደቂቃ ይወጣዋል።

እንግዲህ ይህንኑ ገልብጡት። የግሪንዊችን ሰዓት በእርግጠኝነት የያዘ፣ የቆመበትንም ቦታ ቀትር የለካ ሰው ከግሪንዊች ምን ያህል ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እንዳለ፣ ማለትም ኬንትሮሱን፣ ያውቃል። የብስ ላይ ይህ ጨዋታ ነው፤ ማዶው በማይታይበት ውኃ ላይ ግን ሞትና ሕይወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1707 የእንግሊዝ መርከቦች ያሉበትን ባለማወቃቸው በሲሊ ደሴቶች አለት ላይ ወጥተው አራቱ ሰጠሙ፤ ያለቀው መርከበኛ ከሺህ በላይ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በባሕር ላይ ለማወቅ መንገድ ላገኘ እስከ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንቱ ጨረቃን ሲያባርሩ፣ ጆን ሃሪሰን የሚባል የገጠር አናጢ «ሰዓት ይበቃል» ብሎ ዕድሜውን ፈጀ። አራተኛው ሥራው ትልቅ የኪስ ሰዓት የሚመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1761 ልጁ ይዞት ወደ ጃማይካ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ የዕለት መዘግየቱ ከታሰበለት በኋላ የሳተው 5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። በምድር ወገብ 4 ሰከንድ አንድ የባሕር ማይል ነው፤ አንድ ደቂቃ የሳተ ሰዓት ወደ 28 ኪሎ ሜትር ያሳስታል። በየካ ሰው ልክ፣ መገናኛ ነኝ ብለህ ለገጣፎን አልፈህ የሰንዳፋ መንገድ ላይ ትገኛለህ።

ይህን ሁሉ ጋሼ ነግረውኝ እኔ በወጉ አልሰማሁም። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቁጥር ከደመወዝና ከግብር ውጭ ሌላ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር። አንድ ነገር ብቻ በጆሮዬ ቀርቷል። ክሮኖሜትር አይታረምም። በእንጨት ሣጥኑ ውስጥ በነሐስ ቀለበት ተንጠልጥሎ፣ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት በጥንቃቄ ይሞላል፤ ቢዘገይ ቢፈጥን ግን ቆጣሪውን መነካካት ነውር ነው። ስሕተቱ በመዝገብ ይጻፋል፤ ትናንት ይህን ያህል፣ ዛሬ ይህን ያህል። መርከቡ የሚሄደው በተጻፈው ስሕተት ተሰልቶ ነው። «ስሕተቱ ከታወቀ መጥፎ ሰዓት የለም፤ መጥፎው ስሕተቱን የደበቀ መዝጋቢ ነው» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ሰዓት የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ጉልበታቸው ደህና በነበረበት ጊዜ እሑድ እሑድ እንጦጦ ሸንተረር ላይ እንወጣለን። እርሳቸው ከተማዋን አያዩም፤ ፊታቸውን ወደ ሱሉልታ አዙረው ወደ ሰሜን ያያሉ። ምጽዋ ከአዲስ አበባ በኬንትሮስ ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ብቻ ወደ ምሥራቅ ናት። የካ ላይ ፀሐይ አናት ስትደርስ ምጽዋ ላይ ካለፈች ሦስት ደቂቃ አልሞላትም። «ያቺ ባሕር ቀትሯ አሁን አለፈ» ይሉኛል በሰዓታቸው እያዩ። ለእርሳቸው ናፍቆትም በደቂቃ ይለካ ነበር። ዛሬ በዚያው ሸንተረር፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት ኦብዘርቫቶሪ አለ። ጋሼ አላዩትም።

ከመጻሕፍቱ ጎን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሮች ነበሩ። ላያቸው ላይ በእጅ ጽሑፍ «የባሕር ሰዓት» ይላል። ጋሼ የባሕርን ሰዓት ነገር በአማርኛ እየጻፉ ነበር፤ ከጉልድና ከሻድዌል የተረዱትን፣ ከዚያም የራሳቸውን። የምጽዋ ሙቀት የመርከቧን ክሮኖሜትሮች አካሄድ ምን ያህል እንደሚለውጥ፣ በክረምትና በበጋ ልዩነቱ ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣ ካዴት ሲሳሳት በየት በኩል እንደሚሳሳት። ካዴቶቹን በእንግሊዝኛ አስተምረው ነበርና «በአማርኛ ብነግራቸው ኖሮ በግማሽ ጊዜ ይገባቸው ነበር» ይሉ ነበር። በመጻሕፍቱ ኅዳግም ጽፈዋል፤ ጉልድን አንዳንድ ቦታ ይሟገቱታል። አልፎ አልፎ ያነቡልኝና ፊቴን ያያሉ። እኔ ስልኬን አያለሁ።

ሞቱ። አርባቸው ወጣ። ቤቱ ሊከራይ ነበርና ባዶ ማድረግ የእኔ ድርሻ ሆነ። ልብሱን ለድኻ ሰጠን፤ አልጋውና ብፌው ለዘመድ ተዳረሰ። መጻሕፍቱን ማንም አልፈለጋቸውም። እናቴ «እስቲ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ» አለችኝ፤ ለዚህ ምስክር ናት። እኔ ግን ተከራዩ የሰጠው ቀብድ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር። ቆራሌው በበሩ ሲያልፍ ጠራሁት። ከተሰበረ ምድጃ፣ ከባዶ ጀሪካን፣ ከአሮጌ ባትሪ ጋር አብሮ መዘናቸው። ደብተሮቹን ሲያነሣ አየት አድርጎ «ይሄ የተጻፈበት ነው፤ ይፈለጋል?» ብሎ ጠይቆኛል። ፊደል የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቀው እርሱ ነው። «ውሰደው» አልኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው የባሰ ነው።

ስጸጸት መጀመሪያ የተጸጸትኩት በገንዘቡ ነው። ከወራት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ጥንታዊ ሰዓቶች ሲያወራ የጉልድን ስም ሰማሁ፤ የ1923ቱን እትም ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ እንደሚፈልጉት ነገረኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ጋሼ አልነበሩም፣ ፓውንዱ ነው። በማግስቱ ሾላ ገበያ ወረድኩ። ቅመም ሻጩን፣ ኦቾሎኒ ሻጩን፣ ቆሎ የሚጠቀለልበትን ወረቀት ሁሉ እያየሁ ዞርኩ። የፈለግኩት ጉልድን ነው። ደብተሩ ትዝ አላለኝም። ይህን ካልጻፍኩ ኑዛዜው ኑዛዜ አይሆንም።

ደብተሩን ያስታወሱኝ ሌላ ሰው ናቸው። ከጋሼ ጋር በአንድ መርከብ የሠሩ አዛውንት አያት አካባቢ ካለው ቤታቸው ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሐዘን ላይ ስላልነበሩ ይቅርታ ጠየቁና፣ «ወንድሜ ይጽፈው የነበረው ነገር እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ስሌቱን ከፊሉን አብረው አርመውታል። ባሕር ኃይሉ ሲዘጋ ሰነዱም ሰውም ተበትኗል፤ ስለዚህ በኮምፒዩተር አስጽፈው ባሕረኛ ለሚማሩ ልጆች ሊሰጡት አስበዋል። ልጆቹ ዛሬ በየዓለሙ የንግድ መርከብ ላይ ተበትነው እንጀራቸውን ይበላሉ፤ አገራቸው በቋንቋዋ ስለ ሥራቸው የጻፈችላቸው ነገር ግን ጥቂት ነው።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ለቤተ መጻሕፍት ሰጥቻቸዋለሁ» የሚል ነው። የትኛው ሲሉኝም አንዱን ጠራሁ።

«ተባረክ» አሉኝ። «እኔ ደግሞ ቆራሌው ወስዶት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።»

እኒያ ሰው በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ምርኩዝ፣ የጠራሁላቸው ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሄዱ። ካርድ አስፈለጉ፣ መጋዘን አስከፈቱ። ኋላ ደወሉልኝና «አላገኙትም። ሠራተኞቹ ሳይመዘግቡ ጥለውት ይሆናል፤ ዘንድሮ ሰው ኃላፊነት የለውም» አሉኝ። እኔም «ያሳዝናል» አልኳቸው። ያልበሉትን ዕዳ በማያውቁኝ ሠራተኞች ላይ ጫንኩ፤ አዛውንቱንም በሐሰት አማረርኳቸው። ሽያጩ ድንቁርና ነው ሊባል ይችላል። ይህኛው ስም የለውም፣ ከክፋት በቀር።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርኩ፤ እንደ ቅጣት ይሁን እንደ ካሳ አላውቅም። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እየሄድኩ፣ ጋሼ ይነግሩኝ የነበረውን ለቀምኩ። ሃሪሰን ለንደን ላይ ሽልማቱን ሲከራከር፣ ጄምስ ብሩስ ጎንደርና ግሽ ዓባይ ላይ ቴሌስኮፕ ተክሎ በጁፒተር ጨረቃዎች ኬንትሮስ ይለካ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ሄደ፤ የፀሐይና የጨረቃ አካሄድ በሰፊው የተጻፈበትን። ከእርሱ 70 ዓመት ያህል በኋላ አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ አገራችንን በመለኪያ መሣሪያ ለዓመታት ዞሮ የተራሮቻችንን ቦታ ለካ፤ መጽሐፉ ፓሪስ ታተመ፣ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍትም እዚያው ቀሩ። ልፋታቸው ሊናቅ አይገባም። ግን የእኛን ምድር የለኩት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ጻፉ፤ ጽሑፋቸው በሰላም ተቀምጧል። ከእኛው ባሕር ላይ ቆሞ በአማርኛ የጻፈውን ሰው ሥራ የእህቱ ልጅ ሸጠው።

የጉልድንም ታሪክ ያወቅኩት በዚሁ ንባብ ነው። ጉልድ ራሱ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 የሃሪሰንን ሰዓቶች ግሪንዊች ውስጥ ዝገው፣ ተረስተው አገኛቸው፤ ሊጠግናቸው ፈቃድ ጠየቀና ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው። ዛሬ የሚታዩት በእርሱ ልፋት ነው። የእርሱ መጽሐፍ በብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በእኔ እጅ ቢጠፋም ዓለም አላጣውም። ስለ ጉልድ ማልቀሴ ከንቱ ነበር። የሻድዌልም እንዲሁ። ምትክ የሌለው ደብተሩ ብቻ ነው።

የማስታውሰውን ልጽፍ ሞክሬ ነበር። ዘንጉን፣ ክቡን፣ አራቱን ደቂቃ ጻፍኩ፤ ያ በየትኛውም መማሪያ አለ። የምጽዋ ሙቀት ሰከንዱን ስንት እንደሚያደርገው ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ቁጥሩን ነግረውኛል። አልሰማሁም።

አሁን ወደ አዛውንቱ ነኝ። አባባ፣ በጽሑፍ የደፈርኩት በአፍ ስላቃተኝ ነው፤ ቤትዎም መጥቼ እደግመዋለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ምንም አላጠፉም፤ ደብተሩ እጃቸው ላይ ደርሶ አያውቅም። የፈሩት ነገር ነው የሆነው፤ ቆራሌውን የጠራሁትም እኔ ነኝ።

ለአንባቢ ደግሞ ይህን እለምናለሁ። በሾላ፣ በመገናኛ ወይም በሌላ አሮጌ መጽሐፍ በሚሸጥበት ቦታ «የባሕር ሰዓት» የሚል የእጅ ጽሑፍ ያለበት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ወይም ኅዳጉ ላይ በአማርኛ የተሞገተ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያያችሁ እንደሆነ፣ አንድ ገጽም ቢሆን፣ ለእኔ አታምጡልኝ። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላለው የማሪታይም አካዳሚ ስጡልኝ።